የእንዶድ አረፋና የመምህር ዐይን፦ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ስጦታ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሲ.ኤም.ሲ፣ አዲስ አበባ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ይህን ንግግር እንዳቀርብ ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ጉዳይ አጭር ነበር፤ ዕድሜውን ለሳይንስ ትምህርት ስለሰጠና ለወገኑም በጎ ስላደረገ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እንድናገር ነው። በአገራችን «በጎ አድራጊ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሀብት ያለው ሰው ነው፤ ትምህርት ቤት የሚያሠራ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ለድኻ አደግ ልብስ የሚገዛ። ይህ ሁሉ የተመሰገነ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣቸው የዶክተር አክሊሉ ለማ ስጦታ ግን ከኪስ የወጣ አልነበረም። ስጦታቸው የማየት ችሎታ፣ ያዩትን እስከ መጨረሻው የመከተል ትዕግሥት፣ ከእርሳቸው በኋላ የሚቆም ተቋምም ነበር። ስለዚህ ስጦታ ስናገር የራሴንም ጥፋት መናዘዝ ይኖርብኛልና እርሱን ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ።

በቅርብ በምናውቀው ነገር ልጀምር። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ የየካንና የእንጦጦን ተራሮች ታያላችሁ። ከሩቅ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለው ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ነው። የአገሩ ዕፀዋት በየሸለቆው፣ በየአጥሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተጠግተው ይኖራሉ። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን በአጥር ላይ ከሚሳቡት ከእነዚህ ዕፀዋት አንዱ እንዶድ ነው። የሳይንስ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይባላል። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ፤ ሳሙና ውድ በነበረበት ዘመን እናቶቻችን የደረቀውን ፍሬ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ በአረፋው ነጠላና ጋቢ ያጥቡ ነበር። በእንዶድ የታጠበ ነጠላ ንጣቱ ልዩ ነው ይባል ነበር። ባለፈው ሴሚስተር በክፍል ውስጥ «እንዶድ አይቶ የሚያውቅ ማነው?» ብዬ ብጠይቅ ከተነሡት እጆች ይልቅ በመገረም የተያዩት ዐይኖች በዙ።

ይህ ተክል ለልብስ ማጠቢያነት ብቻ የታወቀ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። እንዳይቀር ያደረገው አንድ ወጣት መምህር በወንዝ ዳር ቆሞ የጠየቀው ጥያቄ ነው።

በሽታውና ቀንድ አውጣው

ጥያቄውን ለመረዳት አስቀድመን ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ማወቅ አለብን። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ የበሽታውን ትል ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ አንጀትንና ጉበትን፣ ሁለተኛው የሽንት ቧንቧንና ፊኛን ያጠቃል። የመጀመሪያው በብዙ አካባቢ ሲገኝ ሁለተኛው በተወሰኑ ቆላማ ስፍራዎች ይታያል።

የበሽታው አካሄድ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ከሰውነቱ በሚያስወግደው ቆሻሻ የትሉን እንቁላል ወደ ውሃ ይለቃል። እንቁላሉ በውሃ ውስጥ ይፈለፈልና የሚወጣው ደቂቅ ፍጥረት አንድ የተወሰነ የቀንድ አውጣ ዓይነት ይፈልጋል። ካገኘ ወደ ውስጡ ገብቶ ለጥቂት ሳምንታት ይራባል፤ ካላገኘ ይሞታል። ከዚያም ከአንድ ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠሩ እጮች ወደ ውሃው ይወጣሉ። ውሃ ሊቀዳ፣ ልብስ ሊያጥብ ወይም ሊዋኝ የገባ ሰው ቆዳውን ሰርስረው ይገቡበታል። ትሉ በደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ጉዳቱ በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም፤ ሕፃኑ ይደክማል፣ ደም ያንሰዋል፣ ትምህርቱን መከተል ያቅተዋል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ዓመታት ሲያልፉም ጉበቱ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 መከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ከ250 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ አብዛኞቹም በአፍሪካ ይኖራሉ።

እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቀንድ አውጣው እንደ ድልድይ ነው። ድልድዩ ከፈረሰ በሽታው አይሻገርም። ስለዚህም ሳይንቲስቶች ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካል ሲፈልጉ ኖረዋል። በፋብሪካ የሚመረቱት ኬሚካሎች ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፤ በሽታው ያለበት መንደር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሊገዛቸው አቅም የለውም።

ዓድዋ፣ 1964

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1964 ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በያኔው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስም ከተመሠረተ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት የቢልሃርዚያን ሁኔታ ሊያጠኑ ወደ ዓድዋ ሄዱ። በከተማዋ ጅረቶች ቀንድ አውጣዎችን ሲሰበስቡ አንድ ነገር ዐይናቸውን ሳበው፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው ይታዩ ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ልብስ አጣቢዎቹ ከእርሳቸው በፊት በዚያ ወንዝ ለዘመናት አጥበዋል። ሌሎች ተመራማሪዎችም የኢትዮጵያን ወንዞች ጎብኝተዋል። አዲሱ ነገር የታየው ሳይሆን የተጠየቀው ነው፤ «ለምን እዚህ?» የሚለው። ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በእንዶዱ አረፋ ፈተኑ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ምክንያቱ በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። አረፋ አውጥቶ እድፍን የሚያስለቅቀው ይኸው ንጥረ ነገር የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳል። እንዶድ በውሃ ውስጥ ከቆየም ፈርሶ ኃይሉን ያጣልና ለዘለቄታ ውሃውን አይበክልም። ከዚህ ጎን ለጎን ጉድለቱም ሊነገር ይገባል፤ ዓሣን ይጎዳል፣ በአጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የመጀመሪያ ዘገባቸውን በማግስቱ ዓመት፣ በ1965፣ ያወጡት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ነበር። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከአገሩ ወንዝ የተገኘ እውቀት አስቀድሞ በአገሩ መጽሔት ታተመ።

በኋላ በአሜሪካ የሚገኙ ኬሚስቶች ከእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡ «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። ፈረንጆቹ በልማዳቸው የቤተሰብ ስም ብለው የወሰዱት በእኛ ዘንድ የአባት ስም ነው። ስለዚህ በዓለም የኬሚስትሪ መጻሕፍት የተመዘገበው የአቶ ለማ ስም ሆነ። ልጅ አባቱን እንዲህ ያስጠራበት አጋጣሚ በሳይንስ ታሪክ ብዙ አይመስለኝም።

ከግኝት ወደ ተቋም

አንድ ግኝት በአንድ ሰው እጅ ከቀረ ከሰውየው ጋር ይሞታል። ዶክተር አክሊሉ ይህን የተረዱ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው ለአሥር ዓመታት ያህል መሩት። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የኢትዮጵያን የጤና ችግር በኢትዮጵያ፣ በኢትዮጵያውያን ማጥናትና ለዚህ የሚበቁ ወጣቶችን ማሠልጠን። ጥናቱ በቢልሃርዚያ ብቻ አልተወሰነም። በደጋው የሚገኘውን በተለምዶ ቁንጭር የምንለውን የቆዳ ሌሽማኒያሲስም ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋል። በ1969 ስለ አዋሽ ሸለቆ ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ በሽታው ወደፊት በኢኮኖሚና በሕዝብ ጤና ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት አንሥተዋል። ነገሩ ዛሬም የሚሠራ ነው፤ መስኖ እህልና ጥጥ ይሰጣል፣ በዝግታ የሚፈስሰው ቦይ ግን ለቀንድ አውጣ የተመቸ ቤት ነው። ቦዩን የሚቀድደው መሐንዲስና በሽታውን የሚያጠናው ባለሙያ አስቀድመው ካልተነጋገሩ ልማቱ በሽታን ይዞ ይመጣል።

እንዶድ በብርጭቆ ውስጥ ቀንድ አውጣ መግደሉ አንድ ነገር ነው፤ የሰውን በሽታ መቀነሱ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ልዩነት ይዘልሉታል፤ ዶክተር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው አልዘለሉትም። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በዓድዋ ለአምስት ዓመታት የቆየ ጥናት አካሄዱ። ጅረቶቹ በእንዶድ ሲታከሙ ቆይተው ሕዝቡ ሲመረመር፣ በጠቅላላው ነዋሪ ዘንድ 63 በመቶ ገደማ የነበረው የቢልሃርዚያ ስርጭት ወደ 33 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ከሁሉ የሚያስደንቀው የሕፃናቱ ነው፤ ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች በሆኑት ዘንድ 50 በመቶ የነበረው ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለምን በሕፃናቱ ላይ ውጤቱ ጎላ? ትሉ በአዋቂው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር ውሃው ቢጸዳም የቆየው በሽታ ቶሎ አይጠፋም። ሕፃኑ ግን ያደገው በጸዳው ውሃ ነው። ስለዚህ አዲስ መያዝ ቀረ ወይ ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው ምስክር ሕፃኑ ነው። ይህን ትንታኔ ዛሬም ስለ ጥናት ንድፍ ሳስተምር በምሳሌነት እጠቅሰዋለሁ።

ሌላውን የሥራ ድርሻ የያዙት የዕፀዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለም። ወንዴና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። የፍሬው ኃይልም በዓይነቱና በሚለቀምበት ጊዜ ይለያያል። ዶክተር ለገሠ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን ተክለው፣ አነጻጽረው፣ ምርታማና ኃይለኛ የሆነውን «ዓይነት 44» መረጡ። የዱር ቁጥቋጦ የነበረው በዚህ ሥራ ገበሬ ሊያመርተው ወደሚችል ሰብል ተጠጋ።

የማስረጃው ዋጋ

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ይመስላል። እውነቱ ግን ከዚህ በኋላ ረጅም መጠበቅ መምጣቱ ነው። ዓለም አቀፍ ተቋማት እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ እንዲውል ከመደገፋቸው በፊት በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት እንደሌለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ባላቸው ላቦራቶሪዎች እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው፤ ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምርመራ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። የፋብሪካ ኬሚካል ሲሆን ወጪውን የሚሸፍን፣ በኋላም ከሽያጩ የሚያተርፍ ኩባንያ አለ። በየአጥሩ የሚበቅል እንዶድ ግን ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ነገር ደግሞ ከፋይ የለውም። ድኻው የሚያገኘው ርካሽ ነገር፣ ርካሽ በመሆኑ ብቻ፣ የማስረጃውን ዋጋ የሚከፍልለት አጣ። በመጨረሻ በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማእከል ድጋፍ የደኅንነት ጥናቱ ተካሂዶ ውጤቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታተመ። ዓድዋ ላይ ጥያቄው ከተጠየቀ ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ከገንዘቡ ጀርባ ሌላ ችግር እንዳለ ያምኑ ነበር፤ በግልጽም ተናግረዋል። የምርምር ገንዘብ የሚያዙት ሰዎች ከድኻ አገር ላቦራቶሪ የተጣራ ሳይንስ ይወጣል ብለው ለመቀበል ይቸገራሉ የሚል ነበር እምነታቸው። ይህን ብለው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከዩኒቨርሲቲው በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሳይንስ አማካሪ ሆነው፣ ቀጥሎም በጣልያን ፍሎሬንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማእከል ምክትል ዳይሬክተር ሆነው ሲሠሩ እንዶድን አልተዉትም። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በምባባኔ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች ተካሄዱ። ስዋዚላንዳዊቷ የኬሚስትሪ ሊቅ ሊዲያ ማኩቡ፣ በኋላ የአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ የሆኑት፣ የእንዶድን ምርምር በአገራቸው አካሂደዋል። ከዓድዋ ወንዝ የተነሣው ጥያቄ በዚህ ዓይነት የአፍሪካ ምሁራን የጋራ ጥያቄ ሆነ።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ብዙዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ ማስል የተባለ ባለ ዛጎል ፍጡር እንደሚገድል ታወቀ፤ በዚህም ላይ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ መብት አወጣ። ዶክተር አክሊሉም ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ እንዶድን ለዘመናት ጠብቀው ያኖሩት እናቶች ከዚህ ምን ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሣ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይሠራል፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችንም ያሠለጥናል።

ታዲያ እንዶድ አሸነፈ?

ይህን ጥያቄ በቅንነት መመለስ አለብኝ። እንዶድ ቢልሃርዚያን ከኢትዮጵያ አላጠፋም። ዛሬ የበሽታው ዋና መከላከያ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ ነገ እዚያው ወንዝ ሲገባ ግን እንደገና እንዳይያዝ አይከለክለውም። ስለዚህ የቀንድ አውጣው ጥያቄ አሁንም ክፍት ነው፤ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ለሁሉ እስኪዳረስ ድረስም ክፍት ሆኖ ይቆያል። የተጀመረውን መጨረስ የእናንተ የወጣቶቹ ድርሻ ነው።

አሁን ኑዛዜዬን ላቅርብ። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ኮሌጅ፣ አንድ ከገጠር የመጣ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። እናቱ የእህል ጎተራ ውስጥ የምታኖረው አንድ ቅጠል ነቀዝን እንደሚያርቅ ነገረኝና ይህን ልፈትን አለኝ። እኔም «በዚህ ላይ የታተመ ጥናት አምጣ» አልሁት። ፈልጎ አጣ። «እንግዲያው ሌላ ርእስ ያዝ» አልሁት። ያዘም፤ ተመረቀም። ርእሱ ከአንድ የውጭ መጽሔት ጽሑፍ የተቀዳ፣ ለማንም የማይጠቅም ነበር። ያን ጊዜ ጥብቅ መምህር የሆንሁ መስሎኝ ነበር። የዶክተር አክሊሉን ታሪክ በጥሞና ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። እንደ እኔ ያለ አማካሪ በ1964 ዓድዋ ላይ ቢኖራቸው ኖሮ «ስለ እንዶድ የታተመ ጥናት አምጣ» ይላቸው ነበር። ያ ተማሪ አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ የቅጠሉን ስምም አልጻፍሁትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከዚህ የተማርሁትን በሁለት ቃል ልናገር። የእናቶቻችን እውቀት ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙው ሲፈተን ይወድቃል፤ ጎጂም ይገኝበታል። ነገር ግን ለፈተና ሳይቀርብ መውደቅ የለበትም። ዶክተር አክሊሉ የልብስ አጣቢዎቹን ልማድ እንደ ተረት አልናቁትም፤ እንደ ቅዱስ ነገርም አልሰገዱለትም። በብርጭቆ፣ ከዚያም በጅረት፣ ከዚያም በሕፃናት ምርመራ ፈተኑት። የሳይንስ መምህር ለወገኑ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል፤ ለተናቀው እውቀት ፍትሐዊ ፈተና መስጠት፣ ፈታኝ የሚሆኑትንም ማፍራት።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ቅዳሜና እሑድ ወደ እንጦጦ የምትወጡ ብዙዎች ናችሁ። በሚቀጥለው ስትወጡ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ተመልከቱ። ስሙን የማታውቁት ተክል ካጋጠማችሁ መንገድ ላይ ያገኛችኋቸውን እማማ ጠይቁ፤ ስሙንና የሚውልበትን ጻፉ። ከዚያም ወደ ቢሮዬ ኑ። የታተመ ጥናት አምጡ አልላችሁም። «ምን አያችሁ? እንዴትስ እንፈትነው?» ብዬ እጠይቃችኋለሁ።